የባልንጀራችን እናት ምናችን ናት?

አማርኛችን ለዝምድና ስም አይቸግረውም። አክስት፣ አጎት፣ አማት፣ ምራት፣ ዋርሳ እያለ ሁሉንም በየቦታው ያስቀምጣል። ያልወለደችን ሴት እንኳ እናት የምትባልበት መንገድ ብዙ ነው። የእንጀራ እናት አለች፤ የክርስትና እናት አለች፤ የጡት እናት አለች። አብሮን ላደገው ልጅ እናት ግን ለእኛ ምናችን እንደምትባል ቃል አልተበጀላትም። ስንጠራት በልጇ በኩል ዞረን ነው፤ «የእገሌ እናት» እንላለን። ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ «እትዬ» ብለን እናልፋለን።

ይህ ጉድለት በሕይወት ሳለች አይታወቅም። የሚታወቀው ስትሞት ነው። ለለቅሶ ስንገባ ከቤተ ዘመዱ ጋር እንቀመጥ ወይስ ከእድርተኛው ጋር? ደረታችንን ብንመታ «እነዚህ ደግሞ ምን ሆኑ» ያሰኛል፤ ዝም ብለን ንፍሮ ብንቆረጥም የበላንበትን የረሳን እንመስላለን። በርግጥ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ እንባውስ አልገደደንም ነበር። የገደደን ማን ሆነን እንደምናለቅስ ማወቁ ነው።

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣብን አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በሚዛን ተፈሪ (ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን በምትባለው ከተማ) በአንድ ሰፈር ያደግን አራት ልጆች ነን። ሁለታችን እስከ ዛሬ እዚያው ነን፤ አንዳችን ሥራ ይዞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቴፒ ይኖራል፤ አንዷ ጅማ ናት። ባለፈው ኅዳር ወር አምስተኛው ባልንጀራችን እናቱ ዐረፉበት። ሁላችንም ተሰባስበን ሦስቱን ቀን በዚያ ቤት ተቀመጥን። በሦስቱም ቀን ከአፋችን ደጋግሞ ይወጣ የነበረው ቃል አንድ ነው፤ «እንደ እናታችን ነበሩ» የሚል። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ግን ቃሉ ራሱ አከራከረን፤ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ የእሳቸውን ነገር ይገልጠዋልን? ከዚያ ክርክር የተረፈውን ነው እዚህ የምንጽፈው።

አስቀድመን ስለ እሳቸው ጥቂት እንበል። የሚዛን ተወላጅ አልነበሩም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ድርቅና ረኃብ በጸና ጊዜ የዚያን ዘመን መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር አስፍሮ ነበር። ያን ጊዜ ከወሎ ከወላጆቻቸው ጋር ተጭነው ወደ ከፋ ክፍለ ሀገር ከመጡት ልጆች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ቢሆን ነው። ስለዚያ ሰፈራ ብዙ ተብሏል፤ ብዙው ሰው በፈቃዱ አልመጣም፤ ወባውና ያልለመደው አገር ስንቱን እንደ ጣለው ከሰፋሪዎቹ ቤት የማይታወቅበት የለም። የእሳቸውም አባት በመጡ በዓመቱ እንደ ሞቱ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሯቸውን ብዙ አያወሩትም ነበር። ሲያድጉ ወደ ሚዛን መጥተው ትዳር ያዙ፤ አራት ልጆች ወለዱ፤ ሁለተኛው ልጅ የእኛ ባልንጀራ ነው።

እኛ የምናውቃቸው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ባለቤታቸው በቡና እርሻ ጥበቃ ላይ ስለሚሠሩ ቤት የሚገቡት በወር አንድ ጊዜ ነበር። ቤታቸው ከጀርባው ትንሽ ጓሮ፣ በጓሮው ጥቂት እግር ቡናና እንሰት ነበረው። የቡና ወቅት ሲደርስ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የሰፈራችን ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ በበቃ አቅጣጫ ወደ ለቀማ ይሄዳሉ። የሚከፈላቸው በለቀሙት ቀይ እሸት ኪሎ ነው። ያገራችንን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ተፈልፍሎና ደርቆ ከአንድ ኪሎ ያልበለጠ ንጹሕ ቡና ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ የሄደች ሴት ጨለማ ሳይሆን አትመለስም። የእኛ እናቶች ከእነዚያ መካከል ነበሩ። እሳቸው ግን ሕፃን ስለ ነበረቻቸው ከቤት አይወጡም። እኛም ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ የምንገባው ከእሳቸው ዘንድ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ነገር አለ። «ልጆቼን አደራ» ያለ ሰው አልነበረም። እናቶቻችንን ኋላ ጠይቀናቸዋል፤ አንዳቸውም አላሉም። አደራ ቢባል ኖሮ ነገሩ ግዴታ ይሆናል፤ አደራ ደግሞ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ የበላው ሰው ስሙ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። እሳቸው ግን ያልተቀበሉትን አደራ ነው የጠበቁት። በመጀመሪያው ቀን ከልጃቸው ጋር ገባን፤ ሳይናገሩ ሳሕኑን አሰፉት። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ።

የሚያበሉን ምግብ ጤፍ እንዳይመስላችሁ። ጤፍ ወደ ሚዛን ከደጋው አገር የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም እንደ መንገዱ ርዝመት ነው። የእሳቸው እንጀራ አብዛኛው በቆሎ ነበር። ጎመን አለ፤ ቆጮ አለ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ጎደሬ ነው። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፤ የሚያበስለው ሰው ማወቅ አለበት፤ እሳቸው የወሎ ልጅ ሲሆኑ ጎደሬን እንደ አገሬው አድርገው ያውቁበት ነበር። ከየት እንደ ተማሩት ለመጠየቅ ልጅነታችን አልፈቀደልንም። በዝናብ በስብሰን ስንመጣ የልጆቻቸውን ልብስ ይቀይሩልናል፤ የእኛን ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል። የሚዛን ዝናብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ማታ ስንሄድ ልብሳችን ጢስ ጢስ ይላል። እናቶቻችን በዚያ ሽታ ነበር የት እንደ ዋልን የሚያውቁት።

ደግ ነበሩ ብለን ማለፍ ይቻለን ነበር፤ ግን እንደዚያ ብቻ ማለቱ እሳቸውን አይመስልም። ቁጡ ነበሩ። እጃችንን ሳንታጠብ ወደ ትሪው የተጠጋን እንደ ሆነ ጭልፋው የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። ውኃ ያስቀዱናል፤ ቡና ከደረቀ በኋላ ጥቁሩንና ስባሪውን ያስለቅሙናል። ዝናብ ሲያስገመግም «ቡናው!» ብለው አንድ ጊዜ ሲጮኹ ሰባታችንም ከማስጫው ላይ ሰብስበን ለመሸፈን እንሮጣለን፤ የራሳቸው ልጅ ይሁን የሰው ልጅ በዚያ ሰዓት ልዩነት የለም። ደግሞ ይቆጥሩ ነበር። እንጀራ ሲጋግሩ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ስንመገብም ለእያንዳንዳችን ራሳቸው ቆርሰው ያድላሉ እንጂ እንድንሻማ አይፈቅዱም። ይህን መቁጠራቸውን ኋላ ስለምንመለስበት እዚህ ላይ እናቆየው።

ወደ ለቅሶው እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ከገጠር አንዲት አሮጊት መጡ። ቤንች ናቸው፤ በጀርባቸው ጎደሬ አዝለዋል፤ ከቤተ ዘመዱ የሚያውቃቸው አልተገኘም። አማርኛቸው ጥቂት ስለ ነበረ ከእኛ አንዱ አስተረጎመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፋሪዎቹ በመጡበት ዓመት አባት የሞተባትን ያችን የወሎ ልጅ የእኒህ ሴት እናት ለብዙ ወራት ከልጆቻቸው ጋር ሲያበሏት ኖረዋል። ጎደሬውን መቀቀልም ያስተማሯት እኒያ እናት ነበሩ። የእሳቸው ልጅ መሞቷን የሰሙት ከገበያ ነው። የልጅነት ጓደኛቸው ናትና ሊያለቅሷት መጡ። ቤተ ዘመዱ ተነሥቶ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጣቸው። ወንበር ሲለቅላቸው «ምኗ ነዎት?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛም ሦስት ቀን ስናሰላስለው የነበረውን የወንበር ጥያቄ ከዚያ በኋላ አላነሣነውም።

ሁለተኛው ነገር የተነገረው በዚያው ማታ ነው። የባልንጀራችን ታናሽ እኅት (ያን ጊዜ ከቤት እንዳይወጡ ያደረገቻቸው ሕፃን መሆኗ ነው፤ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት) ቡና ስትቀዳልን ከእኛ አንዷ እንደ ልማዷ «እንደ እናታችን ነበሩ» አለች። ልጅቱ ጀበናውን ሳታስቀምጥ «እናንተ ስትመጡ እኮ የእኔ ታንስ ነበር» አለች። በክፋት አልነበረም፤ ፈገግ እንደ ማለትም ብላለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ስኒዎቹን አድላ ወጣች።

አንባብያን ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ያለው በዚህች ልጅ ቃል ውስጥ ነው።

«ፍቅር ሲካፈሉት አይጎድልም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ሊሆን ይችላል። እንጀራ ግን ሲካፈሉት ይጎድላል። አራት ልጆች ለነበሩት ቤት የተጋገረ እንጀራ ለስምንት ሲቆረስ የእያንዳንዱ ድርሻ እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም። ስለዚህ እኛ በዚያ ቤት የበላነው ከእናቲቱ ድርሻ ብቻ አልነበረም፤ ከአራቱ ልጆች አፍ ነበር። ሰጪዋ አንዲት ሴት ናት ብለን ስናመሰግን ሰጪዎቹ አምስት ኖረዋል፤ አራቱ ደግሞ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የሰጡ ሕፃናት ነበሩ። በሞቱት ላይ ምስጋና ሲከመር በሕይወት ያሉት ሰጪዎች ከአጠገባችን ቡና ይቀዱልናል።

«እንደ እናታችን ነበሩ» የሚለውም ቃል ሲመረመር ይህንኑ የሚሸፍን ሆኖ አገኘነው። እናት ልጇን ማብላቷ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ እንስሳትም ያደርጉታል፤ ብታስቀር ነው የሚያስደንቀው። እሳቸው እናታችን ነበሩ ካልን እንግዲህ የሠሩት የሚገባቸውን ነው ማለታችን ነው፤ የሚያስመሰግነውን ነገር በምስጋና ስም ሰረዝነው ማለት ነው። የሥራቸው ክብር እናታችን ባለመሆናቸው ላይ ነው። ምንም አልነበረብንባቸው፤ ምንም አልነበረባቸውም። ከእኛ አንዷ (ጅማ ያለችው) በዚህ አልተስማማችም፤ «ሐዘንተኛ የሚናገረውን ቃል በሚዛን አትስፈሩት» ትለናለች። እሷም ልክ ናት፤ በለቅሶ ቤት ማንም ቃል አይመዝንም። እኛ ግን የምንናገረው ለቅሶው ካለፈ በኋላ ስለሚቀረው መታሰቢያ ነው። እሱ ሚዛን ይፈልጋል።

ባልንጀራ የሚለው ቃል «ባለ እንጀራ» ከማለት የመጣ ነው ይላሉ፤ አብሮ እንጀራ የሚቆርስ ማለት ነው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በላቲን ቋንቋ ጓደኛ የሚለው ቃል የተሠራው «አብሮ» እና «እንጀራ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። ሁለቱም ቃል ግን እንጀራው ከየት እንደ መጣ አይናገርም። ሁለት ልጆች ባልንጀራ የሚሆኑት ሦስተኛ ሰው ምጣድ ላይ ቆሞ ስለ ጋገረላቸው ነው። ልጆቹ ስለ ባልንጀርነታቸው ሲያወሩ የሚያነሡት ኳሱን፣ ወንዙን፣ ጠቡን ነው። የጋገረችው ሴት በወሬው ውስጥ የለችም።

ስለ ባልንጀራ እናት ሲነሣ ብዙዎቻችሁ ወደ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደምትሄዱ እናውቃለን፤ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጥቷታል፤ እሱም ወደ ቤቱ ወስዷታል። ያ ግን አንድ አቅጣጫ ነው፤ እናትን የሚጦር ወዳጅ ነው። የእኛ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ የበላነው እኛ ነን፤ ለመጦር ዕድሜ ሳይደርስልን ሄዱ። ለዚህ የሚቀርበው ሮሜ ምዕራፍ 16 ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም ላሉ ክርስቲያኖች ሰላምታ ሲያቀርብ ሩፎስን ይጠራና የሩፎስን እናት ደግሞ ለእኔም እናት ናት ብሎ ይጨምራል። ስሟን አልጻፈም። መቼ፣ የት፣ ምን እንዳደረገችለት አልተናገረም። ብዙዎች ሩፎስን የቀሬናው የስምዖን ልጅ ነው ይሉታል፤ እንደዚያ ከሆነ የመስቀሉን ተሸካሚ ሚስት ናት ማለት ነው፤ ቢሆንም ባይሆንም በእኛ ዘንድ የምትታወቀው በልጇ ስም ብቻ ነው። እንዲሁ የሰራፕታዋ መበለት፣ ያለቀ ዱቄቷን ለኤልያስ አስቀድማ ከልጇ አፍ ቀንሳ የጋገረችው፣ ስም የላትም። ይህን ስናይ የእኛ አገር «የእገሌ እናት» አዲስ ነገር እንዳልሆነ ገባን። የባልንጀራችንን እናት የክርስትና ስማቸውን እኛ የሰማነው ካህኑ በፍትሐት ሲጠሩት ነው።

መታሰቢያው እንዴት ይሁን ለሚለው ግን ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የበለጠ ጠቅሞናል። ዶርቃ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶች ጴጥሮስን ከብበው ደግ ነበረች፣ ቅድስት ነበረች እያሉ አላወደሷትም። ያሳዩት የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። እኛም ያን ጊዜ ጢስ ጢስ ሲል ወደ ቤት ይዘነው የምንሄደውን ልብስ አስታወስን። በእጃችን የቀረ የለም፤ ብናሳይ የምናሳየው ግን እሱን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የመጣው ጉዳይ ተዝካሩ ነው። እንደሚታወቀው እድር ቀብሩን ይሸከማል፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ንፍሮውን፣ ቡናውን ያቀርባል። አርባውን ግን ቤተ ዘመዱ ነው የሚወጣው። የቤቱ ቡና ደግሞ በሕመማቸው ጊዜ ተሸጦ አልቋል። ባልንጀራችን ትልቅ ድግስ ማድረግ ፈለገ። በሬ ይታረድ፣ ጠላ ይጠመቅ፣ የሰፋሪው ዘመድ ሁሉ ከየሰፈራው ይጠራ አለ። ገንዘቡንም የሚሰጥ አንድ ነጋዴ አግኝቷል፤ ነገር ግን ለሚመጣው ዓመት ቡና ቀብድ አድርጎ ነው። ገና አበባው ያልወጣውን ቡና ባልተወሰነ ምርት በተወሰነ ዋጋ መሸጥ ማለት ነው። በቡና አገር ያደገ ሰው የዚህን ነገር መጨረሻ አይቷል፤ ዋጋው ሲወጣ የሚያለቅሰው ገበሬው ነው።

እንምከረው ወይስ ዝም እንበል? እዚህ ላይ ክርክራችን ጠና። ቴፒ ያለው ወንድማችን የተናገረው ቃል አፋችንን ዘጋው፤ «በሕይወት ሳሉ ስንበላ አልቆጠርንም፤ አሁን ለእሳቸው ተዝካር ልንቆጥር ነው?» አለ። በእውነቱ ከባድ ቃል ነው። በልቶ የጠገበ ሰው ለሌላው ቁጠባን ሲሰብክ ከማየት የሚያሳፍር ነገር ጥቂት ነው። ደግሞም ተዝካር ለልጅ የሐዘኑ መውጫ ነው፤ ብዙ ሰው በተዝካር ወጪ ላይ ሲጽፍና ሲናገር ይህን ይረሳዋል። እናቱን በትልቁ ማክበር የፈለገ ልጅ አባካኝ አይደለም።

መልሱ የተገኘው ከራሳቸው ከሟቿ ነው። ይቆጥሩ ነበር ብለናል። ይቆጥሩ የነበረው ለምንድን ነው? ለንፍገት ቢሆን ኖሮ አራት ቆጥረው ለአራት ልጆቻቸው ሰጥተው በራቸውን ይዘጉ ነበር። የቆጠሩት ለስምንት እንዲደርስ ነው። ሀብታም ሳይቆጥር ይሰጣል፤ ይህ ለሀብታም ይቻላል። በድሃ ቤት ግን ሳይቆጥሩ መስጠት ማለት ለፊተኛው ሰጥቶ ለኋለኛው መንሣት ነው። መቁጠር የእሳቸው የደግነት መንገድ ነበር። የእሳቸውን ተዝካር መቁጠር እንግዲህ የእሳቸውን ልማድ መያዝ እንጂ ንፍገት አይደለም ብለን፣ ይህንኑ ለባልንጀራችን ነገርነው። ደግሞም ማን ይጎድልበታል ብለን ጠየቅነው። በመጪው ዓመት ቡናው በነጋዴው እጅ ሲገባ የምትጎድለው ያች ታናሽ እኅት ናት፤ ቀድሞ በእኛ ጎድሎባታል፤ አሁን ደግሞ በእናቷ ስም ሊጎድልባት ነው።

ሁለት ቀን አላናገረንም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ «በግ ይበቃል» አለ።

አርባው በጥር ወር በበግ ተደረገ። ጸሎቱና ቅዳሴው አልጎደለም፤ ይህ ዋናው መሆኑን ካህናቱ ራሳቸው ተናግረዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያሉ ድሆች ቀድመው በሉ፤ ከዚያ ጎረቤቱ በላ። እኛ እንጨት ፈለጥን፤ ውኃ ቀዳን። ነገሩ ሁሉ አማረ ብለን ግን አንዋሽም። ከሩቅ ሰፈራ የመጡ አንዳንድ ዘመዶች «ለእንደሷ ያለች ሴት ይህ ነው?» እያሉ ተመልሰዋል፤ ባልንጀራችንም ሰምቷል። ዛሬም ሲያነሣው ፊቱ ይለዋወጣል። ወሬውን የቻለው እሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ከአርባው በኋላ አራታችን ጥቂት ጥቂት አዋጥተን ለታናሽ እኅቱ ደብተርና የማመሳከሪያ መጻሕፍት ገዝተን ወሰድንላት። ተመለከተችንና «ይህ ለእንጀራው ከሆነ አልቀበልም» አለች። የምንመልሰው አጣን። እውነቱን ለመናገር በልባችን ለእንጀራው ነበር።

ያን ዕለት ማታ ስለ ዕዳና ስለ ውለታ ተነጋገርን። ሁለቱን ቃላት ሰው ያቀላቅላቸዋል። ዕዳ ሲከፈል ያልቃል፤ ከፋዩና አበዳሪው ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ቤት ባያውቀው ነውር የለበትም። ዕዳ የሚከፈለው ለመለያየት ነው ማለት ይቻላል። ያች ልጅ የፈራችው ይህን ይመስለናል፤ ደብተሩን ሰጥተን፣ የልጅነቱን እንጀራ አወራርደን፣ «ጨረስን» ብለን እንዳንሄድ ነው። ከከፈሉ በኋላ መርሳት ይፈቀዳልና። ውለታ ግን ሰጪዋ ስትሞትም የትም አይሄድም፤ ተመላሽ የሚደረግለት ሰው ስለሌለ ተሸክሞ መኖር ብቻ ነው የሚቻለው። እኒያ የቤንች አሮጊት እኮ ጎደሬ አዝለው የመጡት እናታቸው ያበሏትን ልጅ ሊያለቅሱ ነው። ውለታ የነበረባቸው እሳቸው አይደሉም፤ የሰጡት እነሱ ናቸው። ከ40 ዓመት በኋላም የሰጡት ቤተሰብ ልጅ መጥታ አለቀሰች እንጂ ሂሳብ ልታወራርድ አልመጣችም።

በማግሥቱ ተመልሰን ለልጅቱ «ለእንጀራው አይደለም፤ ፈተና ስላለብሽ ነው» አልናት። መጻሕፍቱን ተቀበለች። አምናን ይሁን አታምነን ከፊቷ አላወቅንም።

ሙት ዓመታቸው በመጪው ኅዳር ነው። ወቅቱ የለቀማ ስለሆነ አራታችንም ላንገናኝ እንችላለን። ሚዛን ያለነው ሁለታችን ውኃውንና እንጨቱን እንይዛለን፤ የቴፒው ዋዜማውን ይደርሳል፤ የጅማዋ ፈቃድ ካገኘች ትመጣለች። ልጅቱ እንግዶቹን አስቀድማ እንድትቆጥር ለባልንጀራችን ነግራዋለች።